ስንቅ የሌለው ክፍያ፦ ከባንክ ማህተም እስከ ስልክ መልእክት

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለቡ ከሁለት ሦስት አስርት ዓመታት ወዲህ ከተማው ሲሰፋ አብሮ የገነነ ሰፈር ነው። ከጀሞ ተነስቶ በለቡ በኩል ወደ ጋርመንት የሚያልፍ ሰው የግንባታ ዕቃ መደብር፣ የቤት ዕቃ መሸጫ፣ በግንባታ ላይ ያለ ፎቅ፣ ከተጠናቀቀውም ፎቅ ሥር የባንክ ቅርንጫፍ ያያል። ፌሮና ሲሚንቶ የሚያስጭነው ተቋራጭም፣ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ተከራይም፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚልከው ወላጅም ዛሬ ጥሬ ገንዘብ የሚቆጥሩት ከስንት አንዴ ነው። ስልካቸውን አውጥተው ይልካሉ፤ ተቀባዩም በስልኩ ላይ የሚመጣውን መልእክት ይጠብቃል።

አንዳንድ ቀን ግን የሚመጣው ሌላ መልእክት ነው፦ በቂ ቀሪ ሂሳብ የለም። ይህ አጭር መልስ ለከፋዩ ሐፍረት፣ ለተቀባዩ ጥርጣሬ ነው። ከዚህች ቅጽበት ጀርባ ያለው ታሪክ ግን ረጅም ነው፤ ሰዎች በወህኒ ቤት ያለፉበት፣ ነጋዴዎች የከሰሩበት፣ የአገሪቱ ሕግና የባንክ አሠራር ተራ በተራ የተፈተኑበት ታሪክ ነው። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ አንድ ነው። ክፍያ በስንቅ ማነስ፣ ማለትም በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ባለመኖሩ፣ የሚመለሰው ለምንድን ነው? መልሱን ከከፋዩ ባሕርይ ብቻ መፈለግ ወደ ስህተት እንደመራን አምናለሁ። የክፍያ ሥርዓቱ በሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ መኖሩን የሚያረጋግጠው መቼ ነው፣ ከቃሉ በፊት ወይስ ከቃሉ በኋላ? የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነው።

ብር በእጅ ከነበረበት ዘመን ወደ ባንክ

ንግዳችን በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በሚካሄድበት ዘመን የሚመለስ ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም። ገዥው ጠገራውን ከቆጠረ ቆጠረ፤ ካልቆጠረም ዕቃው አይንቀሳቀስም። በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ቢኖር መተማመኛው ዋስ ነበር። ዋሱ ከፋዩን የሚያውቅ፣ ከፋዩም የሚያፍረው ሰው ነው። ገንዘቡ መኖሩ የሚታወቀው በዓይን፣ የከፋዩ ታማኝነት የሚታወቀው በጎረቤት ነበር ማለት ነው።

በየካቲት 1898 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ የአቢሲኒያ ባንክን መርቀው ሲከፍቱ ይህ መለወጥ ጀመረ። ባንኩ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የ50 ዓመት ብቸኛ መብት ይዞ የተቋቋመ ነው። በሐረር፣ በድሬዳዋና በጎሬ ቅርንጫፎች ከፈተ፤ በ1907 ዓ.ም ደግሞ የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ደንበኞቹ በብዛት የውጭ ነጋዴዎችና ቤተ መንግሥቱ ስለነበሩ ቼክ የሚጽፈው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ ያመነው በወረቀቱ ፋንታ ብሩን ነው። ያ ጥንቃቄ ኋላ ቀርነት ተብሎ ሲተች ቢኖርም፣ ሻጩ ያየውን ብቻ ማመኑ ምክንያት ያለው ነበር። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል ስንቅ እንዳለው የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውምና።

በ1923 ዓ.ም የአቢሲኒያ ባንክ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በ1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። በ1955 ዓ.ም የወጣው የገንዘብና የባንክ አዋጅ የመንግሥት ባንክን ለሁለት ከፍሎ ብሔራዊ ባንክንና ንግድ ባንክን ፈጠረ፤ ሁለቱም በ1956 ዓ.ም ሥራቸውን ጀመሩ። በዚሁ ጊዜ አካባቢ የኢትዮጵያውያን የግል ባንክ የሆነው አዲስ አበባ ባንክም ብቅ አለ። የቼክ ደብተር ከቤተ መንግሥትና ከውጭ ነጋዴ እጅ ወጥቶ ወደ መርካቶ ነጋዴ ኪስ የገባው ባንኮች እንዲህ እየበዙ በሄዱበት ጊዜ ነው።

ወህኒ እንደ ዋስትና

ቼክ ሲስፋፋ ሕግ አውጪው አንድ ችግር ገጠመው። ቼክ የሚቀበል ነጋዴ የሚያየው ፊርማና ቁጥር ብቻ ነው። ሂሳቡ ባዶ ይሁን ሙሉ የሚያውቁት ባንኩና የቼኩ አውጪ ናቸው። ዕቃው ተጭኖ ከሄደ በኋላ፣ ቼኩ ወደ ባንክ ሲቀርብ ነው እውነቱ የሚወጣው። ይህን የመረጃ ክፍተት ለመሙላት የተመረጠው መሣሪያ ፍርሃት ነበር።

የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን ወንጀል አደረገው። የ1952 ዓ.ም የንግድ ሕግ ደግሞ በ1931 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ስምምነት የተደረሰበትን ወጥ የቼክ ሕግ መንገድ ተከትሎ የቼክን ባሕርይ ወሰነ። በዚህ ሕግ መሠረት ቼክ እንደቀረበ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ ነው። በላዩ የተጻፈው ቀን ገና ያልደረሰ ቢሆን እንኳ ባንክ ከቀረበ በቀረበበት ቀን ይከፈላል። የ1958 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የቼክ ክስ በአጭር ሥርዓት እንዲታይ ፈቀደ፤ ተከሳሹ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መከላከያ እንዳያቀርብ ገደበ። የንግድ ሕጉ አብዛኛው ክፍል በ2013 ዓ.ም በአዲስ ሲተካ የተላላፊ ሰነዶችና የባንክ ሥራ መጽሐፉ ሳይነካ ቀርቷል። ዛሬም በለቡ የሚጻፍ ቼክ የሚገዛው በዚያ በ1952 ዓ.ም በተጻፈ ድንጋጌ ነው።

በ1997 ዓ.ም በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 ይህንኑ ፍርሃት አጠናከረው። ቼክ ሲያወጣ ወይም ቼኩ ለክፍያ በሚቀርብበት ጊዜ በቂ ስንቅ አለመኖሩን እያወቀ የጻፈ ሰው እንደ ነገሩ ክብደት በቀላል እስራት ወይም ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በቸልተኝነት ለፈጸመውም ቀለል ያለ ቅጣት አለ። ባንክ ቤት ቼኩ ላይ በቂ ስንቅ የለውም የሚል ማህተም ሲያርፍበት ወረቀቱ የክፍያ ሰነድ መሆኑ አብቅቶ የወንጀል ማስረጃ ይሆናል። ተቀባዩ በአንድ እጁ ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት፣ በሌላው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዞት መሄድ ይችላል።

ሕጉ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዕቃቸውን በደረቅ ቼክ፣ ማለትም ስንቅ በሌለው ቼክ፣ የተነጠቁ ነጋዴዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ሆን ብሎ ባዶ ሂሳብ ላይ ጽፎ የሚሰወር ሰው ሌባ ነው፤ ቅጣቱም ይገባዋል። ችግሩ የተፈጠረው ያው ማህተም ሌባውንም፣ ያልተሳካለትንም፣ የባንክ ሂሳቡን በቅጡ ያልተከታተለውንም በአንድ ስም መጥራቱ ላይ ነው።

ቼክ መያዣ ሲሆን

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም ደርግ ባንኮችን ወረሰ። የግል ንግዱ ሲቀጭጭ የቼክ አጠቃቀምም በመንግሥት ድርጅቶች ዙሪያ ተሰበሰበ። ሂሳቦቹ በጥቂት መንግሥታዊ ባንኮች ውስጥ ስለነበሩ ጥያቄው ያን ያህል ጎልቶ አልወጣም። በ1986 ዓ.ም የባንክ ሥራ ለግል ባለሀብት ሲፈቀድ፣ በ1987 ዓ.ም አዋሽ ባንክ በር ሲከፍት፣ ከዚያም ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን፣ ኅብረትና ንብ ሲከተሉ ነገሩ ተቀየረ። በአንዱ ባንክ የተጻፈ ቼክ በሌላው ባንክ ገቢ ይሆን ጀመር። ባንኮች ቼኮቻቸውን በብሔራዊ ባንክ በኩል እየተለዋወጡ የሚያወራርዱበት ክሊሪንግ የነጋዴው የዕለት ጭንቀት ሆነ። ቼኩን ያስገባው ሰው ገንዘቡ መግባቱን እስኪያውቅ ቀናት ይጠብቃል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ቼክ ከሆነ ደግሞ የበለጠ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ቼክ ሕግ አውጪው ያላሰበውን ሥራ ያዘ። ጅምላ ሻጩ ዕቃውን በዱቤ ይሰጥና ከገዥው የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይቀበላል። አበዳሪው፣ በተለይም አራጣ አበዳሪው፣ ብድሩን ሲሰጥ ቁጥሩ ያልተሞላ ቼክ አስፈርሞ ያስቀምጣል። በትላልቅ የነጋዴ ዕቁቦችም ዕጣ የወጣለት አባል ቀሪውን ክፍያ እንደማያቋርጥ ማረጋገጫ ቼክ ሊያስይዝ ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ጉዳዮች ላይ ሰጪውም ተቀባዩም ቼኩ በተጻፈበት ቀን ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ እንደሌለ ያውቃሉ። ቼኩ የሚፈለገው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ከጀርባው ላለው ወህኒም ይፈለጋል።

ውጤቱ አሳዛኝ ነው። በሦስት ወር ለመክፈል ተስማምቶ ቼክ የሰጠ ሰው ገበያው ሲቀዘቅዝበት ወይም እሱም በተራው ካልከፈለው ሰው ጋር ሲጣበቅ ዕዳ ያለበት ነጋዴ መሆኑ ቀርቶ ወንጀለኛ ይሆናል። ሁለቱም ወገኖች እያወቁ የገቡበት የዱቤ ውል በአንዱ ወገን ላይ ብቻ የእስር ጦስ ያመጣል። የወደፊት ቀን ላይ የተደረሰውን የቃል ስምምነት የንግድ ሕጉ አያውቀውም፤ ቼክ እንደቀረበ ይከፈላል ይላልና። በአራጣ እጅ የገባ ቼክ ደግሞ የብድሩን እጥፍ ለማስከፈል መጎተቻ ገመድ ሆኖ ማገልገሉ በአደባባይ የታወቀ ነው።

ቼክ የማይታመን ሲሆን ገበያው የራሱን መድኃኒት ፈለገ፤ ያም ባንኩ ራሱ የሚጽፈው የክፍያ ማዘዣ፣ ሲፒኦ ነው። መኪና ወይም ቤት የሚሸጥ ሰው ቼክ አምጣልኝ አይልም፤ ሲፒኦ አሠርተህ ና ይላል። የጨረታ ማስከበሪያም በሲፒኦ ይጠየቃል። ሲፒኦ የሚታመንበት ምክንያት ቀላል ነው። ባንኩ ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት ገንዘቡን ከገዥው ሂሳብ ላይ ቀንሶ በራሱ ኃላፊነት ይጽፈዋል። ስንቁ ከቃሉ በፊት ይቀመጣል። ይህ አሠራር ለታሪካችን ቁልፍ ነው፤ ኋላ በስልክ የመጣውን ለውጥ በወረቀት ቀድሞ የጀመረው እሱ ነበር።

ሂሳብ እያለ የሚመለስ ክፍያ

ብዙ ሰው የተመለሰ ክፍያ ሲያይ ከፋዩ ገንዘብ እንዳልነበረው ያምናል። የባንክ አሠራሩን ለሚያውቅ ግን ነገሩ ከዚህ ይሰፋል። በሂሳብ ላይ የሚታየው ገንዘብና ከሂሳብ ላይ ሊወጣ የሚችለው ገንዘብ አንድ አይደሉም። ወደ ደንበኛው ሂሳብ ገቢ የሆነ ቼክ ገና ካልተወራረደ ቁጥሩ በደብተሩ ላይ ቢጨመርም ሊከፈልበት አይችልም። በፍርድ ቤት ወይም በግብር ባለሥልጣን ትእዛዝ የታገደ ገንዘብ አለ። ለባንክ ዋስትና ወይም ለብድር መያዣ የተያዘም አለ። የብድር ወርሃዊ ክፍያና የአገልግሎት ክፍያ ባለቤቱ ሳያስበው በዚያው ቀን ይቀነሳሉ።

የቅደም ተከተል ጉዳይም አለ። አንድ ተቋራጭ በአንድ ሳምንት ለሲሚንቶ፣ ለብረትና ለሠራተኛ ደመወዝ ሦስት ቼክ ቢጽፍና ሦስቱም በአንድ ቀን ባንክ ቢደርሱ፣ ገንዘቡ ለሁለቱ ብቻ ቢበቃ፣ የትኛው እንደሚመለስ የሚወስነው የቀረቡበት ሰዓት ነው። ለሥራው ይከፈለዋል ተብሎ የሚጠበቀው ገንዘብ ለአንድ ቀን ሲዘገይ ሦስተኛው ቼክ ማህተም ይመታበታል። የፊርማ አለመመሳሰል፣ የፊደልና የአኃዝ መጠን መለያየት፣ ስድስት ወር ያለፈው ቼክ፣ የተዘጋ ሂሳብ፤ እነዚህም ክፍያ ያስመልሳሉ፤ ከስንቅ ጋር ግን ግንኙነት የላቸውም። ምክንያቱ በግልጽ ካልተጻፈ ግን ተቀባዩ ሁሉንም ያው ደረቅ ቼክ ብሎ ይጠራቸዋል።

ቃልና ስንቅ በአንድ ቅጽበት

ንግድ ባንክ በ1993 ዓ.ም በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን ኤቲኤሞች ሲተክል ለደንበኛው አዲስ የሆነው ብር የሚቆጥር ማሽን ማየቱ ነበር። ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ሂሳቡን ይጠይቃል። የሌለ ገንዘብ ቃል ሊገባበት አይችልም።

በ2003 ዓ.ም የወጣው የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718 ለኤሌክትሮኒክ ክፍያ የሕግ መሠረት ጣለ። በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ክፍያ በኮምፒውተር የሚያወራርድ የኢትዮጵያ አውቶማቲክ የዝውውር ሥርዓትን አስጀመረ። በዚህ ሥርዓት ትላልቅ ክፍያዎች አንድ በአንድ፣ ወዲያው፣ በላኪው ባንክ ሂሳብ ላይ ገንዘቡ መኖሩ ተረጋግጦ ይተላለፋሉ። ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን ላይ መሥራት ጀመረ። በ2010 ዓ.ም ሲቢኢ ብር፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር፣ በ2015 ዓ.ም መገባደጃ ኤምፔሳ የተባሉት የስልክ ገንዘብ አገልግሎቶች ተከተሉ። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲወሰን ቀደም ሲል ስልኩን ለመነጋገሪያ ብቻ ይጠቀም የነበረው አሽከርካሪ ሁሉ ወደዚህ ዓለም ገባ።

በስልክ የሚላክ ገንዘብ ከፋዩ የሚገፋው ክፍያ ነው። ትእዛዙ ከከፋዩ ወደ ባንኩ ይሄዳል፤ ባንኩም ሂሳቡን አይቶ ወይ ይልካል ወይ አይልክም። ቼክ ደግሞ ተቀባዩ የሚጎትተው ክፍያ ነው። ወረቀቱ በተቀባዩ በኩል ዞሮ ወደ ከፋዩ ባንክ ይደርሳል፤ ስንቁ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው። በሚገፋ ክፍያ የሚመለስ ገንዘብ የለም፤ የሚከለከል ክፍያ ብቻ ነው ያለው። የለቡው ሻጭ ዕቃውን ከማስጫኑ በፊት በቂ ሂሳብ የለም የሚለውን ያውቃል። ያ የሚያሳፍር የሚመስል መልእክት ሻጩንም ገዥውንም ከአሮጌው ማህተም መዘዝ አዳናቸው። ይህን ለውጥ አቅልለን ማየት የለብንም። በቢሮና በእስር ቤት መካከል ለስንት ዓመት ሳይፈታ የኖረን ጥያቄ አንዲት ሰከንድ ፈታችው።

አዲሱ ዘመን የወለዳቸው ጉድለቶች

ፈተናው ግን አልተወገደም፤ ቦታ ቀየረ። የመጀመሪያው ገንዘቡ ከላኪው ተቀንሶ ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ የሚቀርበት ሁኔታ ነው። ትእዛዙ በሁለት ባንኮችና በመካከለኛው ስዊች ሲያልፍ ኔትወርክ ከተቋረጠ አንደኛው ወገን ሲቀንስ ሌላኛው ሳይጨምር ይቀራል። ገንዘቡ ተመልሶ እስኪገባ ደንበኛው ዕቃውንም አያገኝም፣ ብሩንም አይጠቀምበትም። በሂሳቡ የቀረው ለሌላ ክፍያ ካልበቃው ያኔ በቂ ሂሳብ የለዎትም የሚለው መልእክት በገዛ ገንዘቡ ላይ ይመጣበታል።

ሁለተኛው የሐሰት ማረጋገጫ ነው። ሻጩ የራሱን ሂሳብ ሳያይ በገዥው ስልክ ላይ የሚታየውን ስክሪንሾት ካመነ፣ ወይም ከባንክ የመጣ የሚመስል መልእክት አይቶ ዕቃውን ካስረከበ፣ ከወረቀት ቼክ ዘመን ጥርጣሬ ጋር እንደገና ፊት ለፊት ይገናኛል። መፍትሔውም ያው ነው፤ ሻጩ የሚያምነው በራሱ ሂሳብ ውስጥ የገባውን ብቻ መሆን አለበት።

ሦስተኛውን በመጋቢት 2016 ዓ.ም አየን። ከመጋቢት 6 ሌሊት ጀምሮ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበራቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ከመካከላቸው በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለ አግባብ መወሰዱን አስታውቆ አብዛኛውን አስመለሰ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስም ዝርዝርም ይፋ አደረገ። በዚያች ሌሊት የሆነው የቼኩ ታሪክ ተገላቢጦሽ ነበር። ስንቁ እያለ የሚመለስ ክፍያ እንዳለ ሁሉ፣ ስንቅ ሳይኖር የሚያልፍ ክፍያም አለ። ሂሳቡን ቀድሞ የሚያረጋግጠው ክፍል ሲወድቅ ሥርዓቱ በሙሉ ይወድቃል። ከፋዮቹ ያልነበራቸውን ገንዘብ መንካታቸው ስህተት ነው፤ የማረጋገጥ ኃላፊነት ግን ከሁሉ በፊት የባንኩ ነው።

አራተኛው ዕዳ ነው። በ2014 ዓ.ም ማብቂያ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር መላ የተባለውን አነስተኛ ብድርና እንደኪሴ የተባለውን አገልግሎት አስጀመረ። እንደኪሴ ቀሪ ሂሳብ ሲጎድል ክፍያው እንዳይቋረጥ ጉድለቱን የሚሞላ ብድር ነው። ለድንገተኛ ችግር ትልቅ እርዳታ መሆኑን አልክድም። ሆኖም በዚህ ዓይነት ብድር ላይ ቀጥሎ የሚገባው ገንዘብ አስቀድሞ ለዕዳው ይውላል፤ የአገልግሎት ክፍያም አለበት። የዛሬው ክፍያ እንዳይከለከል የነገው ገንዘብ ሲያዝ፣ ነገ ኪራይ የሚከፍለው ሰው ሂሳቡን ጎድሎ ያገኘዋል።

ከእኛ ወዲያ ያሉ መንገዶች

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚጎተት ክፍያን በየወሩ ያውቁታል። ኪራይ፣ መብራትና መድን ኤሲኤች በተባለው ሥርዓት ከሂሳባቸው ይጎተታሉ። ሂሳቡ ካነሰ ባንኩ ክፍያውን ብዙውን ጊዜ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም በሚል ኮድ ይመልሰዋል። አስከፋዩ ድርጅት ያንኑ ክፍያ እስከ ሁለት ጊዜ እንደገና ሊሞክር ስለሚችል አንድ ክፍያ ሦስት ጊዜ ሊመለስ፣ በየጊዜውም ቅጣት ሊያስከትል ይችል ነበር። የፌዴራል ተቀማጭ ገንዘብ መድን ኮርፖሬሽን በ2022 እ.ኤ.አ. ለአንድ ክፍያ ተደጋጋሚ ቅጣት ማስከፈል ችግር እንዳለበት ለባንኮች አሳሰበ። ካፒታል ዋንና ባንክ ኦፍ አሜሪካን የመሳሰሉ ባንኮችም በዚሁ ሰሞን ይህን ቅጣት አስቀሩ። በደካማው ሰው ላይ ሂሳቡ በጎደለበት ቀን ተጨማሪ ቅጣት መቆለል ፍትሕ እንዳልሆነ የታወቀው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው።

ሕንድ በሌላ መንገድ ሄደች። በ1989 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለ ማሻሻያ የተመለሰ ቼክን ወንጀል አደረገች፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይህንኑ ቅጣት ወደ ኤሌክትሮኒክ ዝውውር አሰፋችው። ከ12 ዓመት በኋላ በፍርድ ቤቶቿ የሚጠባበቁት የቼክ ክሶች ወደ 3.5 ሚሊዮን ደርሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ጣልቃ ለመግባት ተገደደ። ፈረንሳይ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ወንጀሉን አንስታ በምትኩ ቼኩ የተመለሰበት ሰው ዕዳውን እስኪያስተካክል ድረስ ቼክ እንዳይጽፍ መከልከልንና በማዕከላዊ መዝገብ መመዝገብን አደረገች። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት፣ ኪራይ በወደፊት ቀን ቼክ የሚከፈልባት የተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ማጭበርበር ካልተፈጸመ በቀር በስንቅ ማነስ የተመለሰን ቼክ ከወንጀልነት አወጣች። ባንኩም በሂሳቡ ያለውን ያህል በከፊል እንዲከፍል፣ የተመለሰውም ቼክ ያለ አዲስ ክስ ወደ አፈጻጸም እንዲያልፍ አደረገች። በዚህ መንገድ ተቀባዩ ገንዘቡን በፍጥነት የማግኘት መብቱ ጸና፤ እስሩ ለአጭበርባሪው ብቻ ቀረ።

የሚጎተተው ክፍያ ሲመጣ

በአገራችን በፈቃድ የሚጎተት ክፍያ ገና በዳር ነው። ባንኮች የብድር ወርሃዊ ክፍያን ከሂሳብ ይቀንሳሉ፤ ቋሚ ትእዛዝም ይቀበላሉ። የመኖሪያ ቤት ክፍያ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመድን አረቦን፣ ከስልክ ላይ የሚወሰድ ብድር ግን በየወሩ በራሱ እንዲቆረጥ ወደሚደረግበት ጊዜ እየገሰገስን ነው። ለውጭ ባንኮች በሩ የተከፈተበት የባንክ አዋጅም ይህን ያፋጥነዋል። ያ ቀን ሲደርስ በለቡ ነዋሪ ሂሳብ ላይ የሚሆነው የቼኩ ነገር እንደገና ነው፤ ቃሉ ከስንቁ ቀድሞ ይሰጣል። ከዚህ በፊት የሠራነውን ስህተት እንዳንደግም አሁን ማሰብ አለብን።

ክፍያው ከሚቆረጥበት ቀን ቢያንስ ጥቂት ቀናት በፊት ለከፋዩ የሚቆረጠው መጠንና ሊጠቀምበት የሚችለው ቀሪ ሂሳብ በስልኩ ሊነገረው ይገባል። ክፍያው ከተመለሰ ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ለሁለቱም ወገኖች ይጻፍ፤ ስንቅ ማነስ፣ እገዳና የሲስተም ብልሽት በአንድ ስም አይጠሩ። ለአንድ ክፍያ ከአንድ ጊዜ በላይ ቅጣት አይወሰድ። ተቀንሶ ያልደረሰ ገንዘብ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ያለ ማመልከቻ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። ይህን ማድረግ የባንኮች፣ የኢትስዊችና የብሔራዊ ባንክ የጋራ ኃላፊነት ነው።

የወንጀል ሕጉን በተመለከተም ጊዜው ደርሷል ብዬ አምናለሁ። አንቀጽ 693 ሲጻፍ ተቀባዩ የከፋዩን ሂሳብ የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረ ፍርሃት የመረጃ ምትክ ሆነ። ዛሬ መረጃው በአንድ ሰከንድ ይደርሳል። ሆን ብሎ ያጭበረበረ በማጭበርበሩ ይቀጣ። ሁለት ነጋዴዎች እያወቁ በመያዣነት የተለዋወጡት ቼክ ግን የዱቤ ውል ነው፤ እንደ ዱቤ ውል በፍትሐ ብሔር ይታይ። ተደጋጋሚ ጥፋት የሠራ ሰው ስም በባንኮች የመረጃ መዝገብ መግባቱ፣ የቼክ ደብተር መከልከሉ፣ ገንዘቡም በፍጥነት ከንብረቱ መመለሱ ዕቃውን ለተነጠቀው ነጋዴ ከእስሩ የበለጠ ይጠቅመዋል። የታሰረ ሰው ዕዳውን ሠርቶ አይከፍልምና።

ለሻጩም የሚቀር ሥራ አለ። ዕቃው ከመደብሩ ከመውጣቱ በፊት በራሱ ሂሳብ የገባውን ያረጋግጥ፤ በዱቤ ከሸጠም ዱቤውን ዱቤ ብሎ ይጻፈው፣ የክፍያ ቀኑን ይወስን፣ ምስክር ያስፈርም። ከአሞሌ ዘመን ጀምሮ ንግዳችንን ያቆመው ይህ ነው። ከፋዩን የሚያስገድደው ወህኒ ከሆነ ቼኩን የፈረመው ሰው ገንዘብ ሲያልቅበት ሥርዓቱም ያልቃል። ከፋዩም ተቀባዩም የሂሳቡን እውነት ከቃሉ በፊት እኩል የሚያዩበት ሥርዓት ከተሠራ ግን የሚመለሰው ክፍያ ይቀንሳል። ቢመለስም እንኳ ዕዳ ሆኖ ይቀራል፤ የሰውን ልጅ ነፃነት ይዞ አይሄድም። የአንድ መቶ ሃያ ዓመት የባንክ ታሪካችን የሚያስተምረን ይህንን ነው፤ በእጃችን ያለው ቴክኖሎጂም ይህን ለማድረግ ይበቃል።